የእትዬ ስንዱ የወግዲ አራሽ

አምና ጥቅምት ላይ የእትዬ ስንዱ የወንድም ልጅ መካነ ሰላም ካለው ሱቄ በር ላይ አንድ አሮጌ ቀንበር አጋድሞ «ለባህል ምግብ ቤት ግድግዳ ይሆናል፤ ገዢ ፈልግልኝ» አለኝ። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ዕቃ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ ስንጥቁን ፈልጌ ማጣጣል ልማዴ ነው። ያን ዕለት ግን ጎንበስ ስል የበሬ ላብና ቅቤ የጠጣ የጠፍር ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና የማጣጥልበት አፍ አጣሁ።

እትዬ ስንዱ በልጅነቴ ጎረቤታችን ነበረች። ባሏን ፈትታ፣ ድርሻዋን ጥማድ በሬ እየነዳች ወደ አባቷ መሬት የተመለሰች፣ የቤቷን ግድግዳ ራሷ የመረገች፣ ንብ የምታነብ፣ ሊያገባት ሽማግሌ የላከውን ሁሉ ጠላ አጠጥታ «መንገዱ ሳይመሽባችሁ» ብላ የምትሸኝ ሴት። የጎደላት አራሽ ብቻ ነበር። በአገራችን ሴት ታርማለች፣ ታጭዳለች፤ እርፍ ከጨበጠች ግን ዝናብ ይሸሻል ይባላል። ስለዚህ እትዬ ስንዱ ከጎረቤት ወረዳ፣ ከወግዲ፣ አራሽ አስመጣች።

ይህን ሰውዬ በቅርብ ያየው የለም። ጉሙ ሳይገለጥ፣ ከጉብታው ወዲያ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ሲያርስ ከሩቅ ይታያል፤ ፀሐይ ሞቅ ስትል የለም። «ሰው ይፈራል» ትላለች እትዬ ስንዱ፣ የአራሹን ምግብ በአገልግል ይዛ በማለዳ ስትወርድ። አገልግሉ ሁልጊዜ ባዶውን ነው የሚመለሰው፤ እናቴም ሰውየውን ክፉኛ ታዝባዋለች። «እንዲህ እየበላ አንድ ቀን እንኳ ጎረቤት ሰላም ሳይል የሚሄድ ምን ዓይነት ፍጡር ነው!»

ከዚያ ያ ክፉ ቀን መጣ። እትዬ ስንዱ ከገደል ተንሸራታ እግሯን ተሰብራ የተኛችበት ዓመት ነበር፤ የወግዲው ሰውም ምን እንዳገኘው እንጃ፣ ቀረ፤ መሬቷን ጎረቤት አረሰላት። ዝናቡም ቀረ። ሰው ዘሩን በላ፣ በሬውን ሸጠ፣ ወደ ወረኢሉ መንገድ ወጥቶ ያልተመለሰም አለ፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። እትዬ ስንዱ ያጠራቀመችውን ማር በገብስ እየለወጠች ነፍሷን አቆየች፤ በሬዎቿን ደግሞ የጣሪያዋን ሣር እየመዘዘች አበላቻቸው። ዝናቡ ሲመለስ ቤቷ ጣሪያ አልነበረውም፣ በሬዎቿ ግን በእግራቸው ቆመው ነበር።

ቀጥሎ አብዮቱ መጣ። አንድ ዘማች ተማሪ ከወይራው ሥር ሰብስቦን መሬት የአራሹ መሆኑን ሲያበስር፣ ከእትዬ ስንዱ በቀር ሁሉም እልል አለ። አዲሱ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ጋሽ ይመር፣ መሬታቸው ከመሬቷ የሚዋሰን ሰው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡ።

«የስንዱን መሬት የሚያርሰው የወግዲ ሰው ነው። የወግዲ ሰው የኛ ማኅበር አባል አይደለም። እንግዲህ መሬቱ ለኛ ይከፋፈላ!»

ነገሩ መውጫ ያለው አይመስልም ነበር። ያን ሁሉ ክረምት ያኖራት ሰውዬ አሁን ከአባቷ መሬት ሊያስነቅላት ነው።

እትዬ ስንዱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «የወግዲ ሰው ብሎ ነገር የለም። እኔ ነኝ» አለች።

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ዘማቹ ብቻ፣ ከተሜ ነውና ምኑ እንደሚያስቅ አልገባውም፤ «እስቲ ታሳየን» አለ። በሬዎቹ መጡ። ቀንበሩን ጫነች፣ ጠፍሩን አጠበቀች፣ እርፉን ጨብጣ «ና ቦራ!» ስትል ክር የመሰለ ትልም ከወይራው እስከ ጉብታው ተዘረጋ። እናቴ አፏን በእጇ ይዛ፣ «ያን ሁሉ አገልግል ብቻዋን!» አለች።

ጋሽ ይመር ግን እጃቸውን አነሡ። «ጎበዝ፣ ስሙ! ዝናቡን ያባረረችብን እሷ ናታ!»

ሳቁ ተቆረጠ። ዘመዱን የቀበረ ጉባኤ ነው፤ ዓይን ሁሉ ወደ እርሷ ዞረ። እትዬ ስንዱ እርፉን ሳትለቅ በሬዎቹን አቆመች።

«ጋሽ ይመር፣ እኔ ባረስኩበት ዘመን ሁሉ ዘንቧል። ዝናቡ በቀረበት ዓመት እኔ እግሬን ተሰብሬ ተኝቼ ነበር። ያን ዓመት ማን አረሰልኝ? አንቱ አይደሉም?»

ጋሽ ይመር ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ሰማዩም አልመሰከረላቸውም። ከኋላ አንዱ «ወላሂ፣ እውነቷን ነው!» ሲል ሳቁ ካቆመበት ቀጠለ፤ መሬቷም ጸናላት። በሬዎቻቸውን በክፉው ቀን የሸጡት ጋሽ ይመር ሰንብተው የእርሷን ሊዋሱ ሲመጡ፣ «የወግዲውን ሰውዬ ላማክረው» ብላ ደጅ አስጠንታቸዋለች።

ፀጉሯ እንደ ባዘቶ እስኪነጣ አረሰች። ዛሬ መሬቷን የወረሱት ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ አንዱ ደሴ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ አዲስ አበባ ጥበቃ ነው፣ ቀንበሩን ያመጣልኝ ደግሞ ስልክ ይጠግናል። አንዲት ሴት በዚያ ሁሉ መከራ አራሽ ያላሳጣችው መሬት፣ ወንድ ሞልቶት አራሽ አጣና አዝመራውን ሊካፈሉ ለሌላ ሰው በእኩል ተሰጠ። የሚያርሰው፣ አታምኑኝም እንጂ፣ ከወግዲ የመጣ ሰው ነው። በማለዳ አገልግል የሚያወርድለት ግን የለም።

ቀንበሩን አልሸጥኩትም፤ ሱቄ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። በቀደም ያ አራሽ ጠፍር ሊገዛ ገብቶ አየውና፣ የበሬ አንገት ያለሰለሰውን ቦታ በመዳፉ ዳሰሰው።

«የዚህ ባለቤት አራሽ ነበር» አለኝ። «ከየት ነው ሰውየው?»

«ያገርህ ልጅ ነው» አልኩት።