የጂፓችን መብራት የተቀየረ ቀን

አባቴ ግትር ሰው ነበር። እኔም ከማን ልወርስ፣ ግትር ነኝ። ልዩነታችን እሱ በግትርነቱ ራሱን ብቻ ይጎዳል፣ እኔ ግን ሰው ካልነካሁበት አይበርድልኝም። ይህን የምጽፈው ንስሐ ለመግባት አይደለም፤ ንስሐ የሚገባለት ሰው ከሞተ ቆይቷል።

ጂፓችን በደርግ ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ነበረች። መንግሥት ሲለወጥ ለጨረታ ወጣችና አባቴ ገዛት። ከዚያ ወዲያ ደሴ ላይ ስሙን የሚጠራው አልነበረም፤ "ባለጂፑ" ነው። ከደሴ ኩታበር ገበያተኛ ያመላልስባታል፣ ሙሽራ ይጭንባታል፣ ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር ሐኪም ቤት ያደርስባታል። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ እጁን ያነሣለታል። እሱም መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው አጸፋውን ይመልሳል። ከዚያች መኪና ውጭ አባቴ ማን እንደነበረ እኔም አላውቅም።

ሞባይል ደሴ በገባ ሰሞን ነው ስለ ዓይኑ ነገር የነቃነው። ስልኩን ይሰጠኝና "ደውልልኝ እስቲ፣ ይሄ ቻይና ቁጥሩን ምን እንዲህ አሳነሰው" ይላል። ሳቅን፣ አለፍነው። ከዚያ አንድ የነሐሴ ማለዳ ወደ ኩታበር ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። አባቴ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ ነኝ፣ ከኋላ ገበያተኛው ተጠቅጥቋል። ጓ አለ። ፍሬን ይዞ ወረደ፣ ተከትዬው ወረድኩ። አህያ ናት። እህል እንደተጫነች በጎኗ ተዘርግታ ትንፈራገጣለች። ባለቤቷ ገበሬ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆሟል። አባቴ ከአህያይቱ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ ወደ እኔ ዞረና፣ "ምንድነው የመታሁት?" አለኝ።

ገበያተኛው ሰማ። አንዷ ሴትዮ "ያ ረቢ" ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ለነፍሳቸው ነበር መፍራት የነበረብኝ። እኔ ግን አፈርኩ፤ በሰው ፊት እንዲህ ብሎ ስለጠየቀኝ እሳት ለበስኩ።

ቤት ስንገባ ነገሩን አነሣሁ።

"አባባ፣ ከእንግዲህ እኔ ልንዳ። ዓይንህ ደክሟል።"

"ዓይኔ ምንም አልሆነ። መብራቷ ነው። የሻማ ያህል እንኳ አታበራም።"

"ሐኪም ይይህ።"

"መኪናዋን ነው ሐኪም የሚያያት።"

ሽንጡን ገትሮ ተከራከረኝ። በመጨረሻ እንዲህ ተባባልን፦ የፊት መብራቷ በአዲስ ይቀየር። ተቀይሮ ካየ እኔ ሁለተኛ ስለ ዓይኑ አፌን አልከፍትም። ተቀይሮም ካላየ ቁልፉን ለእኔ ያስረክባል። "ወላሂ እሰጥሃለሁ" አለና እጁን ዘረጋልኝ፤ ተጨባበጥን። እዚህ ላይ አልዋሽም። ያን ጊዜ ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ እሠራ ነበር፤ ማሽኑ አንገሽግሾኛል። ቁልፉን የፈለግሁት ለገበያተኛው ደህንነት ብቻ ብዬ አልምልም። እኔም ባለጂፑ መባል አምሮኝ ነበር።

ለመኪና ኤሌክትሪክ የተመሰከረለት ሰው ኮምቦልቻ ነበር። የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪኖች ሲበላሹ ሲጠግን ያደገ ነው። እጁ ወርቅ፣ አፉ ግን የማያርፍ፣ ሰው ላይ ካልቀለደ እንጀራ የማይበላ። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ወረድን። አባቴ ነው የነዳው። "ይቺን የሐረጎ ቁልቁለት ጨፍኜም እወርዳታለሁ" እያለ ኩርባውን ሁሉ በቃሉ አወረደኝ። እኔ በሩን ጨብጬ ላብ በላብ ሆንኩ።

ሠራተኛው ኮፈኑን ከፍቶ መብራቶቹን ነቀለ። መስታወታቸውና አምፖላቸው አንድ ላይ የተበየደ፣ ውስጣቸው የጠቆረ ነበሩ። ከዚያ መለኪያውን አወጣና ባትሪውን ለካ፤ አሥራ ሁለት ቮልት። የመብራቱን ገመድ ለካ፤ ዘጠኝ። "የድሮ አሠራር እንዲህ ነው" አለ፣ "ኤሌክትሪኩ ከባትሪ ተነሥቶ መሪው ሥር እስካለው ማብሪያ ይሄዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ መብራቱ ይመጣል። ገመዱም ቀጭን፣ አርጅቷል። ኃይሉን መንገድ ላይ ይበላዋል።"

"ሰማህ?" አለኝ አባቴ። "ዘጠኝ።"

ሰማሁ። እሱ ግን አልበቃውም። ጎማ ለሚነፋው "ዘጠኝ ነው የሚደርሳት" አለው፤ ለበያጁ ነገረው፤ መኪናውን ሲያሠራ ለነበረ ለማያውቀው ሾፌር ሳይቀር ነገረው። "ልጄ ደግሞ ዓይንህ ነው ይለኛል" ብሎ ይስቃል፣ እነሱም ወደ እኔ እያዩ ይስቃሉ። እውነቱንም ነበር፤ መብራቷ ደክማ ነበር። ዓይኑም ደክሞ ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ እውነት ሊሆኑ እንደሚችሉ ማንም አልጠየቀም። እኔ ብቻ ውሸታም ሆኜ ቀረሁ።

ሥራው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ፈጀ። አምፖላቸው ለብቻ የሚቀየር አዲስ መብራቶች ገቡ፤ ወፍራም ገመድ ቀጥታ ከባትሪው ተሳበ፤ የራሱ ፊውዝ ተደረገለት። አባቴ የአስርን ሶላት ለመስገድ ወደ መስጊድ ሲወጣ ሠራተኛው ጂፗን ከነጩ ግድግዳ ፊት አቆማት። መብራት የሚያስተካክልበት፣ በኖራ የተቀባ የጋራዡ ግድግዳ ነው። የቀረው ፊውዙን መክተት ብቻ ነበር፤ ያለ እሱ መብራቱ አይበራም። መዳፉ ላይ ይዞታል።

"አትክተተው" አልኩት። "ሳይበራ እንደበራ አድርገህ ጠይቀው።"

"ኧረ ግፍ ነው፤ ሽማግሌ ናቸው።"

"ልጁ እኔ ነኝ። ማየት አለማየቱ ይለይ።"

ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ ጥርሱ ሲገለጥ አየሁት። "እንግዲህ ጦሱ በአንተ ራስ" አለና ፊውዙን ኪሱ ከተተ። የጋራዡን ሰዎች በጥቅሻ ጠራቸው። እኔ አልከለከልኩም።

አባቴ በውዱ ትጥበት የረጠበ ፊቱ ሳይደርቅ ገባ። "ቢስሚላህ" ብሎ መሪው ላይ ተቀመጠ። የጋራዡ በር ገርበብ ብሏል፤ ከጣሪያው ቆርቆሮ ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን ግድግዳው ደብዘዝ ብሎ ነጭ ነው። ሠራተኛው እጁን በመስኮት አሳልፎ ማብሪያውን ሳበ። ቀጭ አለ።

"በራ አባባ። እንዴት ነው፣ ይታይዎታል?"

አባቴ ግድግዳውን አየ። አንገቱን ወደ ፊት አሰገገ፣ ዓይኑን አጠበበ፣ ከፈተ። አላየሁም ቢል ቁልፉ ሄደ፤ ባለጂፑነቱ ሄደ። ያንን ሲያሰላ ነበር፤ እኔም እያሰላ መሆኑን አውቅ ነበር፤ እያወቅሁም አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

"ማሻአላህ" አለ በመጨረሻ። "አሁን ገና መብራት አየሁ። ቀን አደረግኸው እኮ።"

አንዱ ከኋላዬ ትን አለው። አባቴ ግን በዚህ አላበቃም። የእኛ ሰው ደስ ሲለው አመስግኖ አይሄድም፣ ይመርቃል። ከመኪናዋ ወረደ፣ ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ፣ ወደ ሠራተኛው ዞረ። ምርቃት ሲወርድ ደግሞ የቆመ ሁሉ አሚን ማለት አለበት፤ ዝም የሚል የለም።

"እጅህ አይዛል።"

"አሚን" አልን።

"አላህ የዓይንህን ብርሃን አይንሳህ።"

"አሚን።" ጎማ ነፊው አፉን በክንዱ አፍኖ ነው ያለው።

"መንገድህን ጨለማ አይያዘው።"

"አሚን።"

"ውለድ ክበድ። ልጅህ ዓይን ይሁንልህ።"

"አሚን" አልኩ እኔ። ከሁሉም ጮክ ብዬ፣ እያሾፍኩ፣ ጎትቼ። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ።

ሠራተኛው ግን አልሳቀም። ምርቃቱ የወረደው በእሱ ላይ ነው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ፊውዙን ከኪሱ አወጣና ሄዶ ከተተው። ማብሪያው እንደተሳበ ነበርና ግድግዳው ቦግ አለ።

አባቴ ያንን አየ። ያን ያህል ዓይን ነበረው። እጆቹ ገና ለዱዓ እንደተዘረጉ ናቸው። ወደ ብርሃኑ አየ፣ ወደሚስቁት ሰዎች ዞረ፣ ሁሉም ገባው። ዱዓ ያደረገ ሰው ሲጨርስ መዳፉን ፊቱ ላይ ያብሳል። አባቴ አላበሰም። እጆቹን ቀስ አድርጎ አወረዳቸው፤ ቁልፉን ከጂፗ ነቅሎ ኮፈኑ ላይ አስቀመጠና ዞሮ በእኔ ወንበር በኩል ገባ። የበሩን እጀታ ለማግኘት ሁለቴ ዳበሰ። ማንም አልሳቀም።

እኔ ነዳሁ። ሐረጎን ስናጋምስ ጉም ወረደ። መብራቱን ለቀቅሁት፤ የመንገዱ ዳር ድንጋይ አንድ በአንድ ተቆጠረ። ደስ እንዲለው ብዬ፣ ወይም እኔ እንዲቀለኝ፣ "እውነትህን ነበር አባባ፣ የድሮው መብራት ምንም አልነበረም" አልኩት።

"አንተም አሚን ብለሃል" አለኝ።

"እኔ? አላልኩም።"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔም ጨመርኩበት። "ብዬ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።"

ሰው ሁሉ የሚምለው መሐላ ነው፤ ቀን በቀን ከአፋችን አይጠፋም። ለማን እንደማልኩት የገባኝ ከወጣ በኋላ ነው። መሪውን ጨበጥኩ። ወደ እሱ ማየት አልቻልኩም።

"ጆሮዬ ደህና ነው" አለ አባቴ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር በወደድኩ። "ምርቃት ከባዳ ተጀምሮ ነው ወደ ቤት የሚገባው። ቀጥዬ ወደ አንተ ልመጣ ነበር።"

በነጋታው ሰዎች "ባለጂፑ" ብለው እጃቸውን ሲያነሡልኝ እኔም አነሣሁ። አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ፣ ጨርሶም ታወረ። እየተመራ ሰርግ ሄደ፣ ለቅሶ ደረሰ፤ የጎረቤቱን ልጅ መረቀ፣ ሚስቴን ገና ሙሽራ ሳለች መረቀ፣ ልጆቼን አንድ በአንድ አናታቸውን ዳብሶ መረቀ። በየቦታው ጎንበስ ብዬ ተራዬን እጠብቅ ነበር። እኔ ጋ ሳይደርስ ሞተ።