ጂፑ ዝም እስኪል

እሑድ እሑድ ጧት ከጎረቤቴ ግቢ አንድ ድምፅ ይመጣል። የጎረቤቴ ልጅ ሥራው ክፍለ ሀገር ስለሆነ መኪናው ሳምንቱን ሙሉ ሸራ ለብሳ ትቆማለች፣ እሑድ መጥቶ ሲያስነሳት ከሞተሯ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚል፣ ጣሳ በማንኪያ እንደ መምታት ያለ ድምፅ ይወጣና ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። ለሌላው ሰው ምንም አይደለም። እኔ ግን የያዝኩትን አስቀምጬ መቁጠር እጀምራለሁ፣ ምላሴም ላይ የሞተር ዘይት ጣዕም ይመጣብኛል። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ቆቦ በነበረው ግቢያችን፣ ከትልቁ ግራር ሥር አንድ አሮጌ ጂፕ ቆሞ ነበር። አባባ የማሽላ ነጋዴ ስለነበር ቀድሞ ጂፑ ከጎብዬ ዋጃ ሲመላለስ ነበር የሚውለው፣ እኔ ዘጠኝ ዓመት በሆነኝ በጋ ግን ከግቢ መውጣት አቁሞ ነበር። በእኛ ቆላ ማሽላው የሚጠጣው በክረምት ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ነው፣ ገበሬው በቦይ ጠልፎ ወደ ማሳው ያስገባዋል፣ ማን ቀድሞ ይጥለፍ በሚለውም በየዓመቱ ሰው ይፈነካከት ነበር። የአባባ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ሲሳይ፣ ባለፈው ክረምት በዚሁ ጠብ አንድ የዋጃ ሰው በጥይት ገደለ። ከዚያ ወዲህ የሟቹ ዘመዶች ደማቸውን ሊመልሱ መንገድ ላይ ያደፍጡ ስለነበር ወንድማማቾቹ ጠመንጃ ታቅፈው ቤት ተቀመጡ፣ ጂፑም አብሯቸው ተቀመጠ።

ሞተሩ ጨርሶ እንዳይሞት በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ይነሳ ነበር። የሚያስነሳው ሹፌራችን አያ ይመር ነው፤ በጣሊያን ዘመን ጋራዥ ውስጥ ሥራ የተማረ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከአባባ በዕድሜ የሚበልጥ ሙስሊም ነበር። «ቢስሚላህ» ብሎ ማኖቬላውን፣ ያንን ቆልማማ የማስነሻ ብረት፣ ከፊት አስገብቶ ያዞርና ሞተሩ ሲነሳ ኮፋኖውን ከፍቶ፣ የወይራ ዱላውን አንድ ጫፍ ብረቱ ላይ አሳርፎ ሌላውን ጫፍ ቀኝ ጆሮው ላይ ይተክላል፣ በግራ እጁ ደግሞ የሶላት መቁጠሪያውን ፍሬ በፍሬ ይቆጥራል። ለእኔም ዱላውን ያውሰኝ ነበር፣ ጆሮዬ ላይ ሳስደግፈው ሞተሩ ጭንቅላቴ ውስጥ የገባ ይመስለኝ ነበር።

«ይኸ ከላይ የሚቀጨቅጨው ቫልቮላው ነው ዘውዴ» ይለኝ ነበር። «ሞተር ቁሞ ሲከርም ዘይቱ ወደ ታች ወርዶ ይተኛል፣ ላይ ያለው ብረት ይደርቃል። ስትቀሰቅሽው ይጮሃል፣ ዘይቱ ሽቅብ ወጥቶ ሲያረጥበው ዝም ይላል። ሠላሳ ሦስት ፍሬ ቆጥሬ ዝም ካላለ ግን፣ ወላሂ፣ ያኔ ዘይት የለውም ማለት ነው። ቶሎ ማጥፋት ነው። እንዲያ ያለውን ሞተር የነዳ ሰው መንገድ ላይ ብረት ከብረት ተጣብቆ ይቀርበታል።»

ያን በጋ ጂፑ ሃያ ሲቆጠር፣ ቢበዛ ሃያ አምስት ላይ ዝም ይል ነበር።

በልግ ገባ፣ ዝናቡ ሸረፍ አደረገና አቆመ። አጎቴ ሲሳይ መልከ መልካም ነበር፣ ጎፈሬውን ቅቤ ቀብቶ፣ እኔን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ግቢውን ሲዞር ከእሱ በላይ የምወደው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሁሉም ሲያንቀላፋ ከጂፑ ሥር እግሩን አየሁት። ጎንበስ ብዬ ብመለከት በጀርባው ተኝቶ፣ የሞተሩን የታች ቡሎን ፈቶ፣ ጥቁሩን ዘይት በቅል እየቀዳ ነው። ያሉት ጠመንጃዎች ሁሉ ዝገት ጀምሯቸው ነበር፣ ለእነሱ ነው የፈለገው። ቡሎኑን መልሶ አጥብቆ ወጣና በዘይት የተነከረ አውራ ጣቱን በከንፈሮቼ መሃል አሻሸው።

«ይህን አፍ ከከፈትሽው ምላስሽን ነው የምቆርጠው!» አለኝና ሳቀ።

እየሳቀ ቢለውም አመንኩት። የሰው ነፍስ ያጠፋ ሰው ለአንዲት ምላስ ይሰንፋል ብዬ አላሰብኩም።

በማግስቱ እሑድ ነበር። አያ ይመር ሞተሩን አስነስቶ መቁጠር ጀመረ፣ እኔም ከጎኑ ሆኜ በልቤ ቆጠርኩ፣ ሠላሳ ሦስት አለፈ፣ አርባ አለፈ፣ ቀጭቀጭታው ግን አላቆመም። አያ ይመር ሞተሩን አጠፋው።

«ጌታው፣ ዘይት ጎድሎታል» አለ። «ሰው ነክቶታል።»

አባባ ፊቱ ጠቆረ። ቤት ከተቀመጠ ጀምሮ ውሻ በጮኸ ቁጥር ጠመንጃ የሚያነሳ ሰው ሆኖ ነበር። «ከአንተ በቀር እዚህ ብረት ውስጥ እጁን የሚያስገባ ማን አለ?» አለው። ሲሳይ ዘለለና የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዞ፣ ማንም ደረቅነቱን ሳያይ ቶሎ በጋቢው ጫፍ ጠራርጎ፣ «ሙሉ ነው! ሚስቱ የዋጃ ሰው ናት ብዬህ አልነበረም? ሞተሩን ገድሎ መንገድ ላይ ሊያስጨርሰን ነው!» ብሎ ጮኸ።

አባባ ጠመንጃውን ገልብጦ በሰደፉ የአያ ይመርን ቀኝ ጆሮ መታው። እንደ ደረቅ እንጨት ቀው አለ። አያ ይመር በጉልበቱ ወደቀ፣ መቁጠሪያው ተበጥሶ ፍሬው መሬት ላይ ተበተነ፣ አባባ ደገመው፣ ሲሳይም ከወዲያ በኩል ጎን ጎኑን ይረግጠው ጀመር። እናቴ ከደጃፍ «በማርያም! በማርያም ተዉት!» እያለች ትጮሃለች፣ ማንም አይሰማትም። ከጆሮው የወጣው ደም አንገቱን አልፎ ነጭ እጀ ጠባቡን አለበሰው። አንድ ቃል ብናገር ያ ሁሉ ይቆም ነበር። እኔ ግን አፌን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ነበር፣ አያ ይመር በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ከበሩ እስኪወጣ ድረስ አልለቀቅኩትም።

ከዚያ በኋላ ጂፑን የሚያስነሳው ጠፋ፣ ክረምት እስኪገባ ሸራ ለብሶ ቆመ። ሐምሌ ላይ አንድ ጧት ጎርፉ ከሩቅ ሲያጓራ ተሰማ፣ ወዲያውም የዋጃ ሰዎች የቦይ ጠለፋችንን አፍርሰው ውኃውን ወሰዱት የሚል ጩኸት መጣ። አባባ ከዘመዶቹ ጋር በእግሩ ሮጠ። ሲሳይ ግን በሌላው በኩል ቀድሜ መንገድ እቆርጥባቸዋለሁ ብሎ፣ መንዳት ጥቂት ይሞክር ስለነበር፣ የቀዳውን ዘይት በንዴት ረስቶት መሰለኝ፣ ሸራውን ቀዶ ጣለና ማኖቬላውን ያዞር ገባ። ሞተሩ ተነሳ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

ቆጠርኩ። ሠላሳ ሦስት ሆነ። ሃምሳ ሆነ። ሰባ ሲሆን ድምፁ ከመቀነስ ይልቅ ወፍሮ ሙቀጫ መውቀጥ መሰለ።

«ምን አፍጠሽ ታዪኛለሽ? በሩን ክፈችልኝ እንጂ!» አለኝ።

«አጥፋው» የሚለው ቃል ጥርሴ ድረስ መጥቶ ነበር። ያ የዘይት ጣዕም አፌን ሞላው፣ ቃሉን ዋጥኩትና በሩን በሁለት እጄ ገፍቼ ከፈትኩለት።

ጂፑ ዋጃ ሳይደርስ፣ አንድ ወንዝ አፋፍ ላይ ጓ ብሎ ቀጥ አለ አሉ። ሰዎቹ ከማሽላው ውስጥ ወጡ፣ ሲሳይም በዚያው ዘይት ባበሰው ጠመንጃ ጥይቱ እስኪያልቅ ተኮሰ፣ ሁለት ሰው አቆሰለ፣ ከዚያ በጥይት ጣሉት፣ ወድቆም አልተዉትም፣ በጎራዴ ጨረሱት። ሬሳው በቃሬዛ ሲመጣ ፊቱን ለእናቴ እንኳ አላሳዩአትም። አባባ ቤት ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ በሰደፍ ሰባበረ፣ እንስራው፣ ሳጥኑ፣ ፋኖሱ አልቀረም፣ እኛ በጓሮ በኩል ወጥተን ጎረቤት ሰነበትን።

መስከረም ላይ አበጋር የምንላቸው የእርቅ ሽማግሌዎች ገቡና ደም በደም ተካክሷል ብለው ሁለቱን ወገን አስማሉ። ጂፑ በበሬ ተጎትቶ መጣ። አባባ ሰው ልኮ አያ ይመርን አስጠራው። መጣ፤ ቀኝ ጆሮው ተጨማዶ ነበር፣ ሰው ሲያናግረው አንገቱን አዙሮ ግራውን ይሰጥ ነበር። ከጂፑ ሥር ገብቶ የታችኛውን ቡሎን ሲፈታው ሦስት አራት ጠብታ ብቻ ወረደ።

«ሲሳይ እኮ ሙሉ ነው ብሎኝ ነበር» አለ አባባ።

ያኔ አፌ ተከፈተ። ቅሉን፣ አውራ ጣቱን፣ የከፈትኩትን በር ሁሉንም ተናገርኩ። አባባ ይገድለኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሱ ግን ማኖቬላውን አንስቶ ጂፑን ይቀጠቅጠው ጀመር፣ መስተዋቱ ረገፈ፣ ኮፋኖው ተጨራመተ፣ እጁ ደማ፣ የከለከለው አልነበረም። ሲደክመው ከአያ ይመር አጠገብ፣ በቀኙ በኩል መሬት ላይ ተቀመጠና በቀስታ «ይቅር በለኝ» አለው። አያ ይመር እጁን በአፈር አሽቶ ተነሳና ሄደ።

ሮጬ በሩ ላይ ደረስኩበትና ወደ ግራ ጆሮው ተንጠራርቼ «አያ ይመር፣ አባባ ይቅር በለኝ ብሎሃል» አልኩት።

«ከንፈሩን አይቼዋለሁ ልጄ» አለኝ። «የሄድኩት እንዲደግመው ብዬ ነው።»

አባባ ግን አልደገመውም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሞተ፣ አያ ይመር ለቀብሩ መጥቶ ከሁሉም ሰው ኋላ ቆመ፣ እኔንም አላናገረኝም።

ዛሬ የምኖርበት ሰፈር ጠመንጃ የሚታቀፍ የለም፣ ሰውም መኪናው ሲንቀጫቀጭ ጋራዥ ይወስዳታል እንጂ ሹፌሩን አይደበድብም። ባለፈው እሑድ የጎረቤቴ ልጅ መኪናዋን አስነሳ። ቆጠርኩ። ሠላሳ ሦስት አለፈ፣ አርባ አለፈ፣ በሩን ሊከፍት ሲወርድ ሰማሁት። በነጠላ ጫማዬ፣ ሻሼን እንኳ ሳላስር ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩበት።

«እማማ ምን ሆኑ?» አለኝ ደንግጦ።

«አጥፋው ልጄ» አልኩት፣ እየጮህኩ ነበር፣ «አሁኑኑ አጥፋው!»