የከሰም ዳር አጥንት

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት በጥቅምት መባቻ፣ ውርጩ ሣሩን ባነጣበት ማለዳ ነው። ሰው ለንግድ፣ ለሙግት ወይም ለስለት ይጓዛል፤ እኔ የሄድሁት አጥንት ፍለጋ ነው። ታላቅ ወንድሜ ተክሌ በጎልማሳነቱ ከነጋዴዎች ጋር ቆላ ወርዶ ሳለ፣ በከሰም ወንዝ ዳር ድንጋይ የሆነ የአውሬ የጭን አጥንት አየሁ፣ ቢያቆሙት ከደረቴ ይደርሳል ብሎ ተናገረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አገር ሳቀበት። ለጦረኛ የፈረስ ስም እንደሚወጣለት ሁሉ፣ ለእርሱም “አባ አጥንት” የሚል ስም ወጣለት። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

አሁን ዓይኑ ጠፍቷል፤ ትንፋሹም አጥሯል። ስሰናበተው እጄን ያዘና፣

“ከሰም ዘንድሮ ክፉኛ ሞልቶ ነበር አሉ” አለኝ። “ሲጎድል ዳሩን ይገልጠዋል። አምጣልኝና ልዳስሰው።”

“ጋሼ፣ አጥንቱን ከድንጋይ በምን እለየዋለሁ?”

“ምላስህን አስነካው። ድንጋይ ዝም ይላል፤ የጥንት አጥንት ግን ምላስ ይይዛል። ያንተን መያዝ ከቻለማ ተአምር ነው።”

አንኮበር

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንኮበር ገባሁ። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከወጣ ወዲህ ከተማዋ ባሏ የፈታት ወይዘሮ መስላለች፤ ልብሱ አለ፣ ጠያቂው የለም። ጠጅ ጣዮቹ ገበያ ስለ ራቃቸው በሁለት አሞሌ ጨው አንድ ቅል ሙሉ ሰም ሰጡኝ። እንጀራዬ ጽሕፈት ነው፤ የተሰነጠቀ የመጽሐፍ ገበታ በቀለጠ ሰም ሲድን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አጥንትም ከዚህ አይብስም ብዬ አሰብሁ።

ቁልቁለቱ

በማግስቱ ወደ አልዩ አምባ ወረድሁ። መንገዱ በቅሎ ላይ አያስቀምጥም፤ በእግር ነው የሚወረደው። ገብሱ ከላይ ይቀርና ማሽላ ይጀምራል፤ ጠዋት በጋቢ የተጠቀለለ ሰው እኩለ ቀን ላይ ጥላ ይለምናል። አልዩ አምባ ላይ ሰይድ የሚባል ባለ ግመል አርጎባ ሊጭንልኝ ተስማማ። ዕድሜው ከእኔ ጋር እኩል ነው፤ ሶላት የማያሳልፍ፣ ነገር የማያበዛ ሰው።

“ምን ልንጭን ነው አለቃ?”

“አጥንት።”

“ሥጋውን ማን በላው?”

“እንጃ፤ ከኖኅ በፊት ነው የታረደው።”

በሳቅ ጀመርን ማለት ነው።

ወንዙ ዳር

ሁለት ቀን ተጉዘን ከሰም ደረስን። ውሃው ጎድሎ በዳሩ የተፋው ሁሉ ተዘርግቷል፤ ከነሥሩ የተነቀለ ግራር፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ ሰጥማ የሞተች ፍየል ቀንድ። ከዚህ ሁሉ መካከል ጎንበስ ብዬ እየለቀምሁ፣ ምላሴን እያስነካሁ ሁለት ቀን ሄድሁ። የበላሁት አሸዋ ለአንድ ቤት ምርጊት ይበቃል።

በሦስተኛው ቀን፣ ወንዙ በሚታጠፍበት፣ ውሃው ከጎደለ ወዲህ ከተናደው ገደል ሥር አገኘሁት። ፀሐይ አድርቃዋለች፤ መልኩ የተጠበሰ ሸክላ ይመስላል። ተንበርክኬ ምላሴን አስነካሁት። ያዘኝ። አጠገቡ ተጋድሜ ለካሁት፤ ከእግሬ ጫፍ እስከ ደረቴ። ሠላሳ ዓመት እውነት ሲናገር የነበረ ሰው ላይ ሠላሳ ዓመት ስስቅ ኖሬአለሁ።

ሰይድ መጥቶ ቆመ። “የምን አጥንት ነው አለቃ?”

የአውሬ ነው ማለት ይበቃ ነበር። ልማድ ግን ክፉ ነው።

“የሰው ነው” አልሁት። “የጥንት ረጃጅም ሰዎች። ቅድመ አያትህ ሳይሆን አይቀርም።”

አልሳቀም። “ላ ኢላሀ ኢለላህ” አለና ዓይኑን ሰበረ። እኔ በነገሩ እየተደሰትሁ ሰሙን የማቀልጥበት እንጨት ልለቅም ሄድሁ።

ስመለስ ሰይድ ከአጥንቱ አጠገብ ተንበርክኳል። ነጭ ኩታውን በአሸዋው ላይ ለመገነዣ አንጥፏል። በቅል ከወንዙ እየቀዳ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ቀስ እያለ፣ ቁርአን እየቀራ ያጥበዋል።

“ምን ታደርጋለህ!”

“ሬሳ ሳይታጠብ ግመል ላይ አላወጣም። የሰው ነው ብለውኛል።”

ፀሐይ ያደረቀው አጥንት ውሃውን ጠጣ። ወዲያው በምጣድ ላይ እንዳለ ሽምብራ ይንጣጣ ጀመር፤ ዓይናችን እያየ ተሰነጠቀ፣ ተላጠ፣ ጭቃ ሆነ። ውሃ ሳይነካው የቀረው አውራ ጣት የሚያህል ስባሪ ብቻ ነው።

እውነቱን ነገርሁት። እጆቹ ውሃ እያንጠባጠቡ ቁጭ ብሎ ቀና አለ።

“ታዲያ ለምን ዋሹኝ?”

ጭቃውን በኩታው አፍሶ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። እስከ አልዩ አምባ ድረስ ግመሉን እየሳበ ከፊቴ ራቅ ብሎ ሄደ።

ደብረ ብርሃን

ስባሪውን ሰም አልቀባሁትም፤ ሰም የነካው ምላስ አይይዝም። ወንድሜ በሕይወት ቆየኝ። እጁ ላይ ሳስቀምጥለት አላመነታም፤ ወደ ምላሱ ወሰደው። አፉን እንደ ከፈተ እንባው በጉንጩ ወረደ።

“ሌላውስ?” አለኝ በመጨረሻ።

ቀልዴን ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርሁት። ይቆጣል ብዬ ነበር። እርሱ ግን እጄን ፈልጎ ያዘና፣ “እንግዲህ አንተም ምስክር የለህም” አለ። በሳምንቱ ዐረፈ።

በሠልስቱ ዕለት ለለቀስተኛው ስባሪውን አውጥቼ ወንድሜ እውነተኛ እንደ ነበረ ተናገርሁ። ጎረቤታችን አገላብጦ አየው።

“ይህማ የወንዝ ጠጠር ነው።”

“ምላስህን አስነካው።”

እጁን ሰበሰበ። ስባሪው ከሰው ሰው ዞረ፤ ምላሱን የሚያወጣ ግን አልተገኘም። ሰም ብቀባው ይቆይልኛል፤ ምስክርነቱ ግን ያልቃል። ስለዚህ እንዲሁ በመጽሐፍ ማኅደሬ ውስጥ አለ፤ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይረግፋል።

ያን ዕለት ልንነሣ ስንል ከበሩ በኩል አንዱ፣ “አባ አጥንት!” ብሎ ወደ እኔ ተጣራ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ስም ስጠራው ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ አልመለሰልኝም ነበር።

እኔ ግን “አቤት” አልሁ።