በወላጆች ስብሰባ ላይ «አሜን?» አልኩ

ዛሬ በልጄ በሩት ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አሜን?» አልኩ። ከወላጆቹ የመለሰልኝ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስተማሪዋ ተማሪዎቹ ስለ ዝግመተ ለውጥ የሠሩትን ግድግዳ ላይ ለጥፋ ታሳየናለች። ሩትም ሥዕሏ አጠገብ ቆማለች፤ የዓሣ ነባሪ አጥንት ነው የሣለችው።

እኔ ሥዕሉን በደንብ ሳላይ እጄን አወጣሁ። «ይህን ካስተማራችሁ ፍጥረትንም በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እኩል አስተምሩ! ልጄም በዚህ አታምንም!» አልኩ። ሩትን ግን ጠይቄያት አላውቅም።

ቸርች ጸሎት የምመራ ሰው ነኝና አፌ እንደለመደው «አሜን?» ብዬ ጠበቅኩ። ወላጆቹ ሁሉ የቡና ስኒያቸው ውስጥ ማየት ጀመሩ። (እኛ ቸርች ቢሆን ጣሪያው ይነሳ ነበር።)

ያኔ ከግድግዳው በኩል ቀጭን ድምፅ «አሜን» አለ። ሩት ናት። ፊቷ ቀልቷል።

ወደ ቤት ስንሄድ ደስ ብሎኝ «አየሽ፣ አንቺም እንደኔ ነው የምታምኚው» አልኳት።

«አይ፣ አባዬ። ሰው ሁሉ ዝም ሲልህ ማየት አልቻልኩም።»

እግዚአብሔር ፈጣሪ መሆኑን ዛሬም አምናለሁ። ያፈርኩት የልጄን ሥዕል ሳላይላት በመምጣቴ ነው።

እናንተስ በልጃችሁ አፍ ተናግራችሁ ታውቃላችሁ? ይቅርታ የጠየቃችሁ ካላችሁ ምን ብላችሁ እንደጀመራችሁ ጻፉልኝ። አሁን እንኳን ክፍሏ በር ላይ ደርሼ ተመልሻለሁ።