«ልጄ» የሚል ጥሪ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስልኬ ላይ የቀለም ቅብ ጨዋታ ልትጭን ስትሞክር፣ ጨዋታው ስልኬ ውስጥ ያሉትን ስሞች ለማየት ፈቃድ ጠየቀ። እሷ ምን ቸገራት! «ፍቀድ» የሚለውን ልትነካ ጣቷን ስትዘረጋ ስልኩን ከእጇ መነተፍኩት። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ደንግጣ አለቀሰች። እናቷ ከጓዳ ብቅ ብላ «ምን ሆነሻል አንቺ? ለአንድ ጨዋታ ልጅ ታስደነግጫለሽ?» አለችኝ። ለማስረዳት አስራ ምናምን ዓመት ወደኋላ ሄጄ፣ መካኒሳ አቦ፣ አንድ ጭቃማ ነሐሴ ውስጥ መግባት ነበረብኝ።

ያኔ የሁለተኛ ዓመት የኮምፒውተር ተማሪ ነበርኩ። ለክረምት እረፍት ቤት ስመለስ ሰፈሩ ማዕረግ አዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ «ኮምፒውተሯ» ተባልኩ። ተች ስልክ ከዱባይና ከቤሩት በሻንጣ የሚገባበት ጊዜ ነበር። የሰፈሩ እናቶች ከልጅ ወይ ከእህት የተላከላቸውን ስልክ በነጠላ ጠቅልለው ይመጣሉ፤ እኔም በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ በአንድ እጄ ጥብስ በቆሎ እየጋጥኩ፣ እከፍትላቸዋለሁ። ስልኩ ግን ያለ ኢሜይል ወይ ፍንክች! ለእያንዳንዱ ሰው ኢሜይል ማውጣት ደግሞ አበሳ ነው። ኔትወርኩ ይጠፋል፣ የይለፍ ቃሉን በማግስቱ ይረሱታል። ስለዚህ አንድ ኢሜይል ከፍቼ የራሴም ስልክ ላይ፣ የሁሉም ስልክ ላይ እሱኑ አስገባሁ። ሃያ ስልክ፣ ምናልባትም ሠላሳ። ይህን ሳደርግ ስለ መረጃ ደህንነት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ተምሬ፣ ጥሩ ውጤትም አምጥቼ ነበር። «የተማረ ይግደለኝ» ይባል የለ? ሰፈሬ እንደዚያ አመነኝ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የራሴን ስልክ ስከፍት የማላውቃቸው ሰዎች ሞልተውበት አገኘሁ። «አከራይ አዲሱ»። «ጠበል ያሳየን ልጅ»። «እንዳታነሺው»። «ዶክተር፣ ለማንም እንዳይነገር»። መጀመሪያ ቫይረስ መስሎኝ ነበር። በኋላ ገባኝ፤ አንዱ ስልክ ላይ የተጻፈ ስም በዚያች ኢሜይል በኩል ወደ ሁሉም ስልክ ይሄዳል። እናቶቹም እንግዳ ስሞች ማየታቸው አልቀረም፤ ግን «ስልኩ ከነስሙ ነው የመጣው» ብለው ተዉት። በዚያው ቀን ማስተካከል እችል ነበር። አላስተካከልኩም። ማየቱ ጣፈጠኝ። ወደ አቦ ስሄድ ሰላም የምለውን ሰው ሁሉ ከሰላምታው በላይ አውቀው ጀመር። ቀሚሷ ከኋላ መቀደዱን ያላወቀች ሴት ተከትሎ እንደመሄድ ነው፤ ነውር መሆኑን እያወቅኩ አልነግርም፣ ዓይኔንም አላነሳም።

እትዬ ዘነበች ከእኛ ሦስተኛ ቤት ነበሩ፤ ስልካቸውንም ከፍቼላቸዋለሁ። ልጃቸው ያሬድ በሱዳን አድርጎ ወደ ሊቢያ ከወጣ ሦስት ዓመት አልፎታል። ከካርቱም አንዴ ደውሎ ነበር፤ ከዚያ ዝም። ጀልባ ሰጠመ የሚል ወሬ ሰፈሩን ዞሯል፤ ነገር ግን እርግጠኛ የሆነ ሰው ስላልነበረ ሽማግሌዎቹ መርዶ ይዘው ደጃቸውን ሊመቱ አልደፈሩም። እትዬ ዘነበች የልጃቸውን አልጋ በየቅዳሜው ያነጥፋሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ያለ ጫማ እየሮጡ በረንዳችን ላይ ወጡ። ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«ደወለ! ሚጡዬ፣ ያሬዴ ደወለ!»

«ምን አለዎት እትዬ?»

«‹እማዬ፣ ዛሬ አልመጣም፤ አትጠብቂኝ› አለኝ። ያሬዴ ያሬዴ ብዬ ብጮህ አይሰማኝም። ተቋረጠ። ድምፁ ጎርንኗል እኮ፣ ሰው ሆኗል! እይው፣ ስልኩ ራሱ ለይቶታል። ‹ልጄ› ብሎ ጽፏል።»

አየሁት። እውነትም «ልጄ» ይላል። ቁጥሩን መልሼ ብሞክር ጥሪ አይቀበልም። ያን ስም ግን አውቀዋለሁ፤ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ከአቦ በታች ያሉት እትዬ አስካለ ስልካቸውን ስከፍትላቸው «ሚኪዬን ‹ልጄ› ብለሽ ጻፊልኝ» ብለውኝ ነበር። ሚኪ ኃይሌ ጋርመንት አጠገብ አንድ ሕንፃ ላይ ሴራሚክ ይሠራል፤ ሲመሽበት እዚያው ያድራል። የእሱንም ስልክ የከፈትኩት እኔ ነኝ። የእትዬ ዘነበች ሴት ልጅ አዋሳ ለሥራ ከመሄዷ በፊት ስልኳን ከፍቼላታለሁ፤ እሷ ደግሞ እናቷን «እማዬ» ብላ መዝግባለች። ስለዚህ ሚኪ ስልኩ ላይ ሁለት «እማዬ» ነበረው። አንዷን ነካ። የሌላ ሰው እናት አነሳች።

ይህን ሁሉ እዚያው ቆሜ አውቄያለሁ። እትዬ ዘነበች ግን ዝናብ እየወረደባቸው እልል ይሉ ነበር። ፈራሁ። እሳቸውን ማሳዘን ብቻ አልነበረም ያስፈራኝ። የሰፈሩ ምስጢር ሁሉ እኔ እጅ እንዳለ ቢታወቅስ? «ለነገ ላጣራልዎት» ብዬ ሸኘኋቸው። በር ዘግቼ ከራሴ ስልክ ላይ «ልጄ»ንም ሁለተኛዋን «እማዬ»ንም ሰረዝኩ። እንዳይደገም ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸት ነው፤ የእጄን አሻራ እየጠረግኩ ነበር።

ሲነጋጋ በዋይታ ነቃን። እናቴ ነጠላዋን እየሳበች ወጣች፣ ተከተልኳት። መርዶ ነጋሪ በሌለበት፣ እትዬ ዘነበች ደጃቸው ላይ ቆመው ራሳቸውን አርድተዋል። ስልኩን ወደ እኔ ዘረጉት። «ስሙ ሄደ፤ ቁጥሩ ብቻ ቀረ» አሉ። «ሊሰናበተኝ ነበር የደወለው። አትጠብቂኝ አለኝ፣ ስሙንም ይዞ ሄደ።»

ያን ስም የወሰድኩት እኔ ነበርኩ።

እድሩ በካፊያ ውስጥ ድንኳን ተከለ። ንፍሮ ተቀቀለ። አግዳሚ ወንበር ከሚሸከሙት ጎረምሶች አንዱ ሚኪ ነበር፤ ለእናቱ ከሥራ ቦታ ደውሎ መስመሩ እንደተቋረጠበት እንኳ ረስቶታል። ተራው ደርሶ ጎንበስ አለና «እትዬ፣ እግዜር ያጥናዎት» አላቸው። እትዬ ዘነበች ቀና አሉ። ፊቱን አይደለም ያዩት፣ ያ ድምፅ የወጣበትን አፉን ነው። ሚኪ ግራ ተጋብቶ እስኪሄድ ድረስ አፉን አዩት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አላለቀሱም።

የተሰረዘ ስም እስከ ሠላሳ ቀን ሊመለስ ይችላል። ቀን እየቆጠርኩ ዝም አልኩ። ግን ለአርባው እህል ይለቀም ጀመር፤ የያሬድ አልጋና ልብስ ለነዳያን ሊሰጥ ተወስኗል ተባለ። በሕይወት ይኑር አይኑር ላልታወቀ ልጅ ተዝካር ሊወጣለት ነው፣ ያውም በእኔ ጣት የተነሳ። አንድ ጠዋት ሄድኩ። ጤፍ ሲያበጥሩ አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ኢሜይሉ፣ ስለ ሚኪ፣ ስለ መሰረዙም። እንዲመቱኝ ፈልጌ ነበር።

ሰፌዱን አስቀመጡ።

«እሺ» አሉ። «ይሄኛው የአስካለ ነው። ታዲያ የኔው የት ነው?»

በእጄ ወደያዝኩት ስልክ ጠቆሙ።

«የሰውን ሁሉ ስም ሰብስበሽ የለ? እዚያ ውስጥ ፈልጊልኛ።»

አልተሳለቁም። ከልባቸው ነበር። ጥቁር ሻሻቸውን ፈትተው በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀሉት። ሳጥን ውስጥ አልከተቱትም፣ መልሰውም አላሰሩትም። ተዝካሩ ቀረ።

ስልኮቹን በሙሉ አንድ በአንድ እየዞርኩ ለያየኋቸው። ከእትዬ አስካለ የስድብ ናዳ ወረደብኝ፣ ሌሎቹ ለወራት ሰላምታ ነሱኝ፣ ደግ አደረጉ። ዛሬ ሥራዬም ከሰው መረጃ የራቀ አይደለም። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ «ዘንድሮ ምንም የሚሰወር ነገር የለም፤ የበላነውን ሁሉ መተግበሪያዎቹ ያውቁታል» እያሉ ሲያወሩ እሰማለሁ። እውነታቸውን ነው፤ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ በገዛ እጄ አይቼዋለሁ። ያሬድን ግን በስሙም፣ በአባቱ ስምም፣ በድሮ ፎቶውም ፈልጌዋለሁ። በየዓመቱ እፈልገዋለሁ። የማይፈለገው ሁሉ ይመጣል፤ እሱ የለም።

እትዬ ዘነበች አርጅተዋል። በአቦ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንገናኛለን፤ እጄን ይይዙና «አገኘሽው?» ይላሉ።

«ገና ነኝ እትዬ።»

«ይሄ ነገር ይሠራል አይደል? እስቲ ሞክሪልኝ» ብለው ስልካቸውን ከደረታቸው ያወጣሉ። ከጎናቸው ቆሜ እደውልላቸዋለሁ። እጃቸው ላይ ይጮኻል። የሚያሳየው ስም የእኔ መሆኑን እያወቁ፣ ጩኸቱ እስኪያቆም ድረስ ዓይናቸውን አያነሱም።