ሦስት ኮከብና ከዚያ በታች

ሰገነት ፈሪ መሆኗን አትደብቅም። ቢቸና ተማሪ ሳለች መልሱን እያወቀች እጇን የማታወጣ ልጅ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ሳይንስ ስታጠናም የመመረቂያ ሥራዋን መምህራን ፊት ቆማ ያቀረበችላት ጓደኛዋ ናት። እሷ ከኋላ ተቀምጣ የራሷን ሥራ በሰው አፍ አዳመጠች። ኮምፒውተር የወደደችው ስለማይቆጣ እንደሆነ ትናገራለች። ስትሳሳቺ ተሳስተሻል ይልሻል፣ ታርሚዋለሽ፣ በዚያው ያልፋል።

ከተመረቀች በኋላ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ቤት ተቀመጠች። ከዚያ ሞጣ ያለ አንድ የአውቶቡስ ድርጅት ቀጠራት። ዘጠኝ አውቶቡሶች አሉት፤ ከሞጣ ተነሥተው በቢቸናና በደጀን ያልፉና የዓባይን በረሃ ወርደው ወጥተው አዲስ አበባ ይገባሉ። የእሷ ሥራ ሰው በስልኩ ትኬት የሚቆርጥበትን ዌብሳይት መጠበቅ ነበር። ከድርጅቱ ሾፌሮች አንዱ ጋሽ ፋንታ ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል አከራያት። ባለቤቱ ወለተ ኢየሱስ ቶሎ ለመደቻት፤ ውኃ የመጣ ቀን የእሷንም ጀሪካን ትሞላላት ነበር።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ሣህለ ማርያም ከባሕር ዳር ሲመለስ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ያረፈበት ሆቴል ዌብሳይት ላይ እንግዶች የሰጡትን ኮከብ አይቷል።

«ለእኛም እንደዚህ ሥሪልን» አላት። «ሰው ምን ያህል እንደረካ ይታይ።»

በአራት ቀን ሠራችው። ተሳፋሪው ጉዞውን ሲጨርስ ስልኩ ላይ መልእክት ይደርሰዋል፤ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ቢመልስ ኮከቡ ይመዘገባል፤ የሚለው ካለውም ይጽፋል። ከሥሩ «አስተያየትዎን እናነባለን» የሚል ዐረፍተ ነገር አስገባች። ማንም አላዘዛትም፤ ደስ ስላላት ነው።

በሁለተኛው ቀን ገጹ ላይ ሁለት ኮከብ ወጣ። «መስኮቱ አይዘጋም፣ በብርድ ሞትን» ይላል። ሣህለ ማርያም ስልኩን ይዞ ጠረጴዛዋ ድረስ መጣ።

«ይህንን ሰው ሁሉ ያየዋል?»

«አዎ።»

«አራትና አምስት ብቻ ይታይ።»

«የቀረውስ?»

«የቀረው አንቺ ጋ ይቀመጥ።»

ማን ያነበዋል ብላ ልትጠይቅ ፈልጋ ነበር፤ አልጠየቀችም። ሦስት ኮከብና ከዚያ በታች የሆነው ሁሉ ገጹ ላይ እንዳይወጣ የሚያደርግ አንድ መስመር ጻፈች። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። እሷም እዚያ ተመልሳ አላየችም፤ ለእሷ የተጻፈ ስላልመሰላት።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሣህለ ማርያም ከባሕር ዳር ደውሎ፣ ባነር ላይ የሚታተም ስለሆነ ከመቶ ስንቱ ደንበኛ እንደረካ አስልታ እንድትልክለት ነገራት። ለማስላት የተደበቁትንም መቁጠር ነበረባት። ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ዝርዝሩን ከፈተች።

አብዛኛው የመቀመጫና የመዘግየት ስሞታ ነው። ከመሃሉ ግን አንዱ «ዓባይ ስንወርድ የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ ሾፌሩ ሁለት ጊዜ አቆመ» ይላል። ዝቅ ስትል ሌላ አገኘች፤ «ቁልቁለቱ ላይ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ። ልጄን አቅፌ አለቅስ ነበር።» ሁለቱም የጎን ቁጥሩ ሰባት ስለሆነው አውቶቡስ ነው። ሦስተኛውም የሰባት ቁጥር ነበር።

«ፍሬኑ አይዝም። እባካችሁ ሰው ሳያልቅ አሠሩት። ለኃላፊው በአፍ አራት ጊዜ ተነግሮታል።»

እዚህ ላይ ቆመች። ተሳፋሪ ለኃላፊው አራት ጊዜ የሚነግርበት መንገድ የለም። ጽሑፉ የተላከበትን ስልክ አየችው፤ የጋሽ ፋንታ ነው። ባለቤቱ ባለፈው አዲስ አበባ ስትሄድ ትኬቱን በእሱ ስልክ የቆረጠችላት ራሷ ሰገነት ናት፤ መልእክቱ እሱ ጋ ደርሶ ኖሯል። በአፍ ተናግሮ የሚሰማው ቢያጣ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ጻፈ። ከጻፈ አሥራ ሦስት ቀኑ ነው።

በዚያን ዕለት ጠዋት ሰባት ቁጥርን ይዞ የወጣው ጋሽ ፋንታ ነበር።

ደወለችለት። ሲነዳ ስልኩን ያጠፋል፤ አሁንም ዝግ ነው። ቢቸና ላለው ትኬት ቆራጭ ለአብዱልዋሂድ ደወለች።

«ሰባት ቁጥር እዚያ ነው?»

«ቁርስ በልተው አሁን ወጡ። አሥር ደቂቃ አይሆናቸውም። ምነው?»

ምን እንደመለሰችለት አታስታውስም። ደጀን ላይ ድርጅቱ ሰው የለውም፣ የረዳቱንም ስልክ አታውቅም። ከቢቸና ደጀን አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ከደጀን በኋላ ቁልቁለቱ ነው። ለሥራ አስኪያጁ ደወለች።

«ጋሽ ሣህለ ማርያም፣ የሰባት ቁጥር ፍሬን አይዝም ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ጽፈዋል። ብዙ ሰው ጽፏል።»

«አውቃለሁ። ለቅዳሜ ጋራዥ ተይዞለታል። እስከዚያ ፋንታ ልምድ ያለው ሰው ነው፣ በማርሽ ያወርደዋል።»

«ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው።»

«ሰገነት፣ አንቺ ዌብሳይቱን ጠብቂ» ብሎ ዘጋው።

ጣቶቿ በርደው ስልኩ ሊወድቅባት ነበር። ሥራዋን ታጣለች፤ ይህ አንድ ነው። ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው። ብትሳሳትስ? ሰው በከንቱ ብታስደነግጥ፣ ተሳፋሪው ተነሥቶ ሾፌሩ ላይ ቢረባረብና መኪናው በዚያው ገደል ቢገባስ? ዝም ብትልስ? ሁለቱንም ማሰብ አልቻለችም። ዓይኗ ያኔ ስሞታውን እንዲደብቅ የጻፈችው መስመር ላይ ተተክሎ ቀረ።

ያኔ ነው መልእክቱ ትዝ ያላት። ዌብሳይቱ አስተያየት ለመጠየቅ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ ይጽፋል፤ በሰባት ቁጥር የተሳፈሩት የአርባ ስድስቱም ስልክ አለው። ጽፋ አጠፋች። ደግማ ጽፋ አጠፋች። ሦስተኛው እንዲህ ይል ነበር፦

«ውድ ተሳፋሪ፤ የአውቶቡሱ ፍሬን መታየት ስላለበት ደጀን ላይ ይውረዱ። ዓባይን በዚህ መኪና አይውረዱ። ሾፌሩን በእርጋታ ያነጋግሩት። ሰገነት ነኝ፣ ከድርጅቱ።»

ስሟንና ከሥሩ ስልኳን ያስገባችው ያለ ስም አጭበርባሪ እንዳትመስላቸው ነው። የመላኪያውን ቁልፍ ስትጫን ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ከአርባ ስድስቱ የደረሰው ለዘጠኝ ብቻ ነው። በዚያ መንገድ ኔትወርክ ይመጣል፣ ይሄዳል። ከአፍታ በኋላ የመጀመሪያው መልስ ገባ፤ «5» ይላል። አንዱ ተሳፋሪ ሳያነብ ኮከብ ሰጥቷል። ቀጥሎ «?» ብቻ መጣ። ከዚያ ምንም የለም።

አራት ሰዓት ሆነ። የደረሰው ለአሥራ አራት ሰው ነው። አራት ከአሥር ሆነ። ደጀንን አልፈው ከሆነ አሁን ጠመዝማዛው ላይ ናቸው። ከድልድዩ በላይ ያለውን ገደል በየጉዞዋ ላለማየት መጋረጃ ትይዝ ነበር፤ አሁን ግን ቁልጭ ብሎ ታያት። ወለተ ኢየሱስን አሰበች፤ በዚህ ሰዓት ልብስ እያጠበች ይሆናል። ሄጄ ልንገራት ብላ ተነሣች፣ ምን ብዬ ብላ ተቀመጠች።

አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ የማታውቀው ቁጥር ጠራ። የሴት ድምፅ ነው።

«ሰገነት የምትባይው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ኸይራት እባላለሁ፣ የሞጣ ነጋዴ ነኝ። ደጀን ነን። ሁላችንም ወርደናል።»

ሰገነት ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«ትሰሚኛለሽ? መልእክቱን ለሾፌሩ አነበብኩለት። ወዲያው ዳር አስይዞ አቆመና መሪው ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። ምን እንበለው?»

«ምንም አትበሉት» አለች በመጨረሻ። «ውኃ ስጡት።»

ደጀን የተጠራው መካኒክ የፊት ጎማዎቹን ፈትቶ ሲያይ የአንዱ ፍሬን ሸራ አልቆ ብረት በብረት ይፋጭ ነበር። ተሳፋሪዎቹ በሌላ መኪና ተሳፈሩ። ሣህለ ማርያም በማግሥቱ መጣ። ይጮህብኛል ብላ ስትጠብቅ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገራት፤ ያ ይበልጥ አስፈራት።

«ማን ፈቅዶልሽ ነው?»

«ማንም።»

«ተሳፋሪዎቹ ድርጅቱን ሊከሱ ነው፤ ይገባሻል?»

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠች።

«የተደበቁትን አስተያየቶች አንብቤያለሁ። ለኃላፊው አራት ጊዜ ተነግሮታል ያለው ማን ነው? ቁጥሩን አምጪ።»

«ቁጥሩን አጥፍቼዋለሁ።»

«ታውቂዋለሽ ግን።»

«አውቃለሁ። አልነግርዎትም» አለችው።

በዚያው ሳምንት ሥራ ልቀቂ ተብላ ቢቸና ተመለሰች። ድርጅቱ ሁሉንም አውቶቡሶች ጋራዥ አስገብቶ አሠራ። ኮከቦቹን ከዌብሳይቱ አንሥቷቸዋል። እሷ አሁን ኅትመትና ኮፒ ቤት ከፍታ፣ ለሚጠይቃት ሁሉ ዌብሳይት ትሠራለች። ድንጋጤው ግን አልለቀቃትም። የመልእክት ድምፅ በሰማች ቁጥር እጇ ይበርዳል።

ከወራት በኋላ አንድ ጠዋት ተሳፋሪዎቹ ቁርስ ሲበሉ ጋሽ ፋንታ ሱቋ ድረስ መጣ። በርጩማ ሰጠችው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት ብዬ ነገርኩት» አላት።

«ለጋሽ ሣህለ ማርያም?»

«ለእሱ። አንቺ ተባርረሽ እኔ ተደብቄ እንዴት ልኑር?»

«ምን አሉ?»

«ዝም አለ፤ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ሻይ አዘዘልኝ።»

ሰገነት ለምን ያን ቀን መኪናውን ይዘው ወጡ ብላ ልትጠይቀው ፈለገች። ፊቷ ላይ አይቶት ነው መሰል፣ ሳትጠይቀው መለሰላት።

«ባልነዳው ሌላ ሰው ይነዳዋል ብዬ ነው። ለዚያ መንገድ አዲስ የሆነ ሰው። እኔ ቢያንስ ጠመዝማዛውን አውቀዋለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ለወለተ ኢየሱስ ግን ነግሬያት አላውቅም።»

«አሁንስ እንዴት ነው?»

«ፍሬኑ አዲስ ነው፣ ይይዛል። እኔ ግን ደጀን ስደርስ እወርድና ጎማዎቹን ዞሬ አያለሁ። ሰዉ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ።»

ከመንገዱ ማዶ ረዳቱ ተሳፋሪዎቹን መጥራት ጀመረ። ጋሽ ፋንታ ተነሥቶ ጨበጣት፤ እጁ እንደ እሷው ቀዝቃዛ ነበር።