በበረኪና የታጠበ ስፖንጅ

ሰፈሩ «ነጩ» ይለዋል። መልኩ እንኳ ጠይም ነው፤ ስሙ የወጣለት ከሚያጥባቸው ሸሚዞች ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ላውንደሪ ቤቱ ውስጥ ሲያጥብና ሲተኩስ ኖሯል፤ ቆሻሻ ካየ እጁ አያርፍም። ሰው ቤት ተጋብዞ ሄዶ የመጋረጃውን ጫፍ ገልበጥ አድርጎ የሚያይ ሰው ነው፤ ምን ይደረግ፣ አመል ነው።

ከሚስቱ ጋር ከተለያዩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ሌላ ከተማ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። በየእሁዱ ይደውልላታል። «ደህና ነኝ አባዬ። አንተስ? እሺ፣ ቻው።» በቃ። ሳምንቱን ሙሉ ሲያጠራቅመው የሰነበተው ወሬ ሳይነገር ይቀራል። ትናፍቀዋለች፤ ስልኩ ላይ እያለችም ትናፍቀዋለች።

አንድ እሁድ ግን ሳይታሰብ፣ «ዓሣ ማርባት አማረኝ፣ እማዬ ቤቱ ይጠባል ብላ እምቢ አለችኝ» አለችው። ሰውየው በማግስቱ ላውንደሪውን ዘግቶ የመስታወት ገንዳ፣ ፓምፕና ጠጠር ተሸክሞ ገባ። ትምህርት ቤት ለአጋማሽ ዕረፍት ሊዘጋ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ያኔ አራት ቀን እሱ ጋ ታሳልፋለች። «ስትመጪ ዓሣ ይጠብቅሻል» ብሎ ቃል ገባላት።

ገንዳውን የሸጠችለት የጌጥ ዓሣ ሻጭ፣ ቀልጠፍ ያለች ወጣት፣ ነገሩን ከሥሩ አስረድታዋለች። አዲስ ውኃ ውስጥ የገባ ዓሣ በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል። ስለዚህ ገንዳው መጀመሪያ ባዶውን ይሰነብታል፤ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጨመርበታል። ምግቡ በስብሶ መርዙን ያወጣል፤ መርዙን የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ደግሞ ቀስ በቀስ ውኃውን የሚያጣራው ስፖንጅ ላይ ይበዛሉ። ውኃው በብልቃጥ ተቀድቶ የመፈተሻው ጠብታ ሲጨመርበት አረንጓዴ ከሆነ መርዝ አለ፤ ቢጫ ከሆነ ዓሣ ይገባል።

«ገብቶኛል» አለ ነጩ። መግባቱስ ገብቶት ነበር። በሳምንቱ ግን ስፖንጁን ቡናማ ዝልግልግ ነገር ለብሶ አገኘው። ይሄ ልጄን ሊቀበል? እጁ አላስቻለውም። አውጥቶ በበረኪና ዘፈዘፈው፤ እንደ ሸሚዝ አንገት አሸው፤ አለቅልቆ ፀሐይ ላይ አሰጣው። ከዚያ በኋላ እሁድ በመጣ ቁጥር እንዲሁ አደረገ።

ስድስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ብልቃጡ አሁንም ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ነው። ይዞት ዓሣ ሻጯ ጋ ሮጠ።

«ስፖንጁን ነክተውታል እንዴ ጋሼ?»

«መንካት ምን አላት! በየሳምንቱ በበረኪና ነው የማጥበው» አለ ኮራ ብሎ።

ዓሣ ሻጯ ራሷን ያዘች። «ገድለዋቸዋል እኮ! የሚሠሩልዎትን በሙሉ በየሳምንቱ ፈጅተዋቸዋል!»

«በቃ ሁለት ዓሣ ስጪኝ። ለአራት ቀን ብቻ ይቆዩልኝ፤ ልጄ ከነገ ወዲያ ትመጣለች።»

«ልጅዎ ፊት ቢሞቱስ?»

ያወጣውን ብር ወደ ኪሱ መለሰ። ዓሣ ሻጯ ከራሷ ገንዳ ቆሻሻ የጠጣ የስፖንጅ ቁራጭ ቆርጣ በላስቲክ ከነውኃው ሰጠችው። «ከስፖንጅዎ ጎን ያድርጉት፤ ዘር ይሆንዎታል። ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋል። ደግሞ እንዳያጥቡት፣ አደራ!»

ልጁ መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ባዶውን ገንዳ አየችው፤ ቀጥሎ እሱን። መንገድ ላይ ያዘጋጀው ሰበብ ሁሉ ጠፍቶበት እውነቱን ነገራት። ልጅቷ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «በበረኪና? አባዬ፣ በበረኪና?» ሳቋ ቁርጥ የእናቷ ነው፤ ቤቱ እንዲህ ከተሳቀበት ሦስት ዓመቱ ነው። አራቱን ቀን ጠብታውን እሷ ቆጠረች፤ ቀለሙንም ደብተሯ ላይ ጻፈች። ከዚያ ሄደች።

በሄደች ማግስት ማታ ስልኩ ጮኸ። ደዋይዋ እሷ ናት። «ዛሬ ምን ቀለም ሆነ?» በየማታው ደወለች። ከቀለሙ ተነስታ ስለ አዲሷ ጓደኛዋ፣ ስለሚነቃነቅ ጥርሷ፣ ስለ ሂሳብ አስተማሪዋ ጫማ ታወራለች። ነጩ ካውያውን አጥፍቶ ያዳምጣል።

በሦስተኛው ሳምንት ብልቃጡ ቢጫ ሆነ። ደስ ሊለው ሲገባ ቅር አለው። ቀለሙ ካለቀ በምን ትደውላለች?

«ገና ነው» አላት። በማግስቱም «ገና ነው።» በሦስተኛውም ቀን።

በአራተኛው የልጅቷ ድምፅ ተለወጠ። «አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። እንደገና አጥበኸዋል አይደል?»

ይሄን ስም ማጥፋት መሸከም አቃተው። «ኧረ አላጠብኩም! ቢጫ ከሆነ አራት ቀኑ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ስትደውዪልኝ ደስ ስለሚለኝ» አለ።

በስልኩ ውስጥ የደብተር ገጽ ሲገለጥ ተሰማው።

«አባዬ» አለች፣ «ዓሣዎቹን አብረን ነው የምንገዛው። እኔ ሳልመጣ አንድም እንዳታስገባ። ምግቡን ግን እንዳታቋርጥ፣ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ። ነገ እደውልና እጠይቅሃለሁ።»

የሚቀጥለው ዕረፍት አራት ወር ይቀረዋል። ነጩ በየጠዋቱ ላውንደሪውን ከመክፈቱ በፊት ባዶው ገንዳ ውስጥ ቁንጥር ምግብ ይበትናል። ስፖንጁ ጠቁሮ ተዝለግልጓል፤ እጁን ይበላዋል፤ አይነካውም። ማታ ማታ ስልኩ ሲጠራ፣ «አብልቼያቸዋለሁ» ይላል ገና ሳትጠይቀው።